ሰሌዳ በባትሪ ድንጋይ እያጠቆርን ያደግን ሰዎች ለልጆቻችን የእጅ ሥራ ምን እንስጣቸው?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት ባለፈው ኅዳር ነው። ዘግይተው የሚገቡ ሰዎች ያለቀውን ነገር ደግመው ስለሚጠይቁ፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን ከነስሕተቱ፣ ከዚያ የመጡትን መልሶች ደግሞ በየቁጥራቸው በራሴ ቃል እዚህ ሰብስቤአለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ

በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን እመራለሁ። ክበቡ በወዳደቁ ዕቃዎች የእጅ ሥራ ሊሠራ ስለነበር ልጆቹ ከቤታቸው የተጣለ ነገር ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው፤ የትኛው ይምጣ የትኛው ይቅር የሚለውን ግን አልለየሁም። ሃይላንድ፣ ቆርኪ፣ የድልህ ቆርቆሮ፣ የጫማ ካርቶን፣ ማንጠልጠያው የተበጠሰ ዘንቢል መጣ። አንድ ልጅ ግን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ በፌስታል ቋጥሮ አምጥቶ ኖሮ፣ እኔ ከሌሎቹ ጋር ካርቶን ስቆርጥ ከክፍሉ ጀርባ ወስዶ እየቀጠቀጠ ሲፈጨው ደረስኩበት። ከጣቱ ጫፍ እስከ ክርኑ ጠቁሯል፤ ላቡን ሲጠርግ ስለነካካው ግንባሩና ከንፈሩም ላይ ጥቁር አለ። የላይኛውን ልባስ ገልጦ፣ መሐል ያለውን ዘንግ ለብቻው አስቀምጦ፣ ዱቄቱን በውኃ ሊለውሰው ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ አባቱ በልጅነታቸው ሰሌዳ የሚጠቁረው በዚህ እንደነበር ነግረውት፣ የነጣውን ሰሌዳችንን ሊያድስልን ፈልጎ መሆኑን ነገረኝ።

ልቆጣው አልቻልኩም፤ እኔም አድርጌዋለሁና። አምስተኛ ክፍል ሳለን ሰሌዳው ነጥቶ የጠመኔው ጽሕፈት አልታይ ሲል፣ የክፍል አለቃችን ከየቤታችን ሁለት ሁለት ድንጋይ እንድናመጣ ያዘን ነበር። ዱቄቱን ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰን በእራፊ ጨርቅ እንቀባና እስኪደርቅ ደጅ እንጫወታለን። እጃችንን በሣር ጠርገን ቆሏችንን እንቆረጥም ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ነገሩ ክፉ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የልጁን እጅና ፊት በሳሙና አሳጠብኩ። ጥቁሩ ነገር እርሳስ ስለሆነ እንደሚመርዝ ነገርኩት። እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ታዲያ የሚነካው የትኛው እንደሆነና የማይነካው የትኛው እንደሆነ በምን እንደሚያውቅ ጠየቀኝ። ለዚህ የሚሆን የጠራ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ለእናንተ ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ልጆች ስለ ዕቃ ደኅንነትና ስለ ዕቃ ዘላቂነት በእጃቸው እየሠሩ እንዲማሩ ስናደርግ፣ የምንሰጣቸውን ነገር በምን እንመርጣለን? በክፍላችሁ ወይም በቤታችሁ ሞክራችሁት የሠራላችሁ ሥራስ የትኛው ነው?

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ በደብረ ማርቆስ ያደገች ናት። መምህር ብላ አክብራ ከጠራችኝ በኋላ፣ ሰሌዳ ማጥቆር የእነሱም ሥራ እንደነበር አስታወሰች፤ ዘንጉንም አይጥሉትም፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሰኞ ማክሰኞ ቤት ያሰምሩበት ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፋ ጤነኛ ሆና ማደጓን ገልጻ፣ ልጆቹን በፍርሃት ከሥራ እንዳላርቃቸው በትሕትና መከረችኝ።

መልስ 2

የላቦራቶሪ ባለሙያ መሆኑን የገለጸ ሰው ቀጥሎ ገባ። ቋንቋው ደረቅ ነበር፤ እርማቱ ግን ትክክል ስለነበር ተቀብዬዋለሁ። ጥቁሩ ዱቄት እርሳስ አይደለም፤ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የሚባል ውሕድ ከካርቦን ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ዘንጉ ካርቦን፣ ልባሱ ዚንክ፣ የሚያረጥበው ደግሞ አሞኒየም ክሎራይድ ወይም ዚንክ ክሎራይድ ነው። እኛ ልጆች ሳለን የነበሩት ላይ ዚንኩ ቶሎ እንዳይበላ ጥቂት ሜርኩሪ ይጨመርባቸው ነበር። የማንጋኒዝ ብናኝ ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱት ነርቭን እንደሚጎዳ በማዕድንና በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የታወቀ ነው። አንድ ቀን የነካው ልጅ ተመርዟል ማለት ግን እንዳልሆነ አስረግጦ ተናግሮ፣ የልጁን ወላጆች በከንቱ እንዳላስደነግጥ አሳሰበኝ። ድንጋዩን መክፈት ግን ለማንም ልጅ ሥራ ሊሆን አይገባም ባይ ነው።

ከዚህ በላይ ያሳሰበኝ የመልሱ መጨረሻ ነው። በአማርኛችን መጻፊያውም እርሳስ ነው፣ መርዛማው ማዕድንም እርሳስ ነው። የመጻፊያው ልብ ከግራፋይትና ከሸክላ አፈር የተሠራ ነው፤ የማዕድኑ ዘር እንኳ የለበትም። እውነተኛው እርሳስ ያለው በመኪና ባትሪ፣ በአሮጌ የዘይት ቀለም፣ በኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ላይ ነው። ስለዚህ ልጁ የመጻፊያውን ጫፍ ሲያኝክ የሚደነግጥ ወላጅ፣ ጎረቤት የመኪና ባትሪ ከፍቶ አሲዱን ደጅ ሲደፋ ምንም ላይመስለው ይችላል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ በማግሥቱ ክፍሌ ውስጥ ሞከርኩት። ልጆቹ እርሳስ የሚባለውን አደገኛ ነገር እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው ሁሉም ቦርሳቸውን ከፍተው መጻፊያቸውን አወጡ። ለዓመታት እርሳስ አደገኛ ነው እያልኩ ሳስተምር ልጆቹ የሰሙት ምን እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። አሁን ማዕድኑን የእርሳስ ብረት፣ መጻፊያውን የመጻፊያ እርሳስ እያልኩ እለያለሁ፤ ሌሎች መምህራንም ይህችን ትንሽ ነገር እንዲያደርጉ እለምናለሁ።

መልስ 3

ሦስተኛዋ በሜሪላንድ የምትኖር እናት ናት። የተከራዩት ቤት ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ነው አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው። ልጇ አንድ ዓመት ሲሞላት በተደረገላት የደም ምርመራ የእርሳስ መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቤቱን ሊያዩ የመጡት ባለሙያዎች መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚፋቀውን ቀለም አሳዩአት፤ አቧራው ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ሕፃኗ እየዳኸች በእጇ ትነካዋለች፣ እጇን ትጠባለች። ከአገር ቤት የመጣ ኩል ትጠቀም እንደሆነም ጠይቀዋታል። እናቷ የላኩላት ኩል በመሳቢያዋ ውስጥ ነበር። ኩል ከሚሠራባቸው ማዕድናት አንዱ ጋሌና የሚባለው የእርሳስ ማዕድን መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማችው።

ለመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ የመለሰችላት ደግሞ በእህትነት ነው። የእርሳስ ጉዳት አልጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሆኖ አይታይም፤ ከልጁ የማስተዋልና የመማር ችሎታ ላይ በዝምታ ይቀንሳል እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ፣ ትንንሽ ልጆችም ከዋጡት እርሳስ ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ወደ ሰውነታቸው እንደሚያስገቡ ይገልጻል። ጤነኛ ሆኜ አድጌአለሁ የሚል ሰው ምን ያህል እንደጎደለበት የሚለካበት ሌላ እሱ የለውም። ይህ አነጋገሯ ከክሩ ሁሉ እኔ ዘንድ የቀረው ነው።

ሥራዋም ቀላል ነበር። ልጇ ስድስት ዓመት ሲሞላት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ የመስኮቱን ደፍ አብረው ይጠርጋሉ፤ ጨርቁ ላይ የቀረውን አቧራ ቀለም አይተው ከየት እንደመጣ ይነጋገራሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን እንደሚያስነሣ፣ እርጥብ ጨርቅ እንደሚይዘው ሕፃኗ በዓይኗ አየች።

መልስ 4

በአዲስ አበባ የቀለም ነጋዴ መሆኑን የገለጸው ሰው የተቆጣው በመዋዕለ ሕፃናት ባለቤቶች ላይ ነው። ለውጭ በር ብረት የተገዛ የዘይት ቀለም ሲተርፍ ሸርተቴና ዥዋዥዌ ይቀባበታል፤ ያውም በቢጫና በቀይ፣ እነዚህ ቀለሞች ደግሞ ደማቅነታቸውን ብዙ ጊዜ የሚያገኙት የእርሳስ ክሮሜት ከሚባለው ማቅለሚያ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊ ግራም በላይ እርሳስ እንዳይኖር ከልክላለች። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባው ሸርተቴ ግን እንደተቀባ ቆሟል። የተላጠውን አሮጌ ቀለም ተማሪዎች በአሸዋ ወረቀት እንዲፍቁ ማድረግ፣ ምንም እንኳ የጽዳት ዘመቻ ተብሎ ቢጠራም፣ ልጆቹን ብናኙን ማስተንፈስ መሆኑን አጥብቆ ተናገረ። እኔ ይህን ዘመቻ በአንድ ትምህርት ቤት አይቻለሁ፤ አቧራውን ከጸጉራቸው እያራገፉ የሚሥቁት ልጆች አሁንም ይታዩኛል።

መልስ 5

ከጎንደር አካባቢ የሆኑ አንድ አባት ከዚህ ሁሉ የፋብሪካ ጣጣ እንድንወጣ መከሩ። የእናቶቻችን ዕቃ እያለ ልጆቹን ለምን ቆርቆሮና ፕላስቲክ እንደምናስነካ አልገባቸውም። እናታቸው ስንደዶውን ከሜዳ ቆርጠው፣ አድርቀው፣ ከፊሉን ቀለም ነክረው አለላ ሲያደርጉት፣ ከዚያም አክርማውን ጭብጥ አድርገው ይዘው በወስፌ እየወጉ በስንደዶ ሲጠመጥሙት በልጅነታቸው ከጎናቸው ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። ወስፌው የሚያልፍበት ቀዳዳ ገና ከመወጋቱ በፊት የእናታቸው አውራ ጣት ቦታውን ይዳብሰው ነበር፤ ጣታቸው ዓይን የማያየውን ስፌት ያውቀዋል። አዲስ ምጣድ ተገዝቶ ሲመጣ በጎመን ዘር ሲሟሽ፣ ቅል ተፈልፍሎ ታጥቦ በፀሐይ ሲደርቅ፣ ልብስ በእንዶድ ሲታጠብ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ መሬት የማትቀበለው አንድም ነገር አልነበረም። ጽሑፋቸው ያማረ ነበር፤ ብዙ ሰውም ወደደላቸው። ለልጆች ሥራ ይሆናሉ ብለው ከዘረዘሯቸው ነገሮች መካከል የጉሎ ፍሬን በክር ሰክቶ ለመቁጠሪያ መጠቀም ይገኝበታል።

መልስ 6

የክሩ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። በወሎ የምትሠራ የጤና መኮንን በዚያው ምሽት ገብታ፣ የጉሎ ፍሬ የሚለውን ሐሳብ እንዲሰርዙት በቀጥታ ጠየቀቻቸው። የጉሎ ፍሬ ውስጥ ራይሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለ፤ ቅርፊቱ ታኝኮ ሲዋጥ ጥቂት ፍሬ ለሕፃን ሕይወት ያሰጋል፣ ዥንጉርጉርና አንጸባራቂ በመሆኑም ልጆች አፋቸው ውስጥ የሚከቱት ዓይነት ነው። አጥር የሚሆነው ቅንጭብም ተፈጥሯዊ ነው፤ ወተቱ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ያደረ የሰባት ዓመት ልጅ ጤና ጣቢያዋ መጥቶ ያውቃል። ቅርንጫፉን ሰብሮ በወተቱ ድንጋይ ላይ ሥዕል ሲሥል ነበር። በሦስተኛው መልስ የተነሣው ኩልም ከመሬት የተቆፈረ እንጂ ፋብሪካ የወለደው እንዳልሆነ አስታወሰች።

እንዶድን በተመለከተ ያነሣችው ደግሞ ለማስተማሪያ የሚሆን ታላቅ ታሪክ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ከዚያም እንዶድ የብልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ልብስ የሚያነጣው እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ መምህሩ ተፈጥሯዊ የሚለውን ቃል እንደ ማረጋገጫ ማኅተም ይዞ ክፍል እንዳይገባ አስጠነቀቀች። ቃሏ የተሳለ ነበር፤ አንድ ሁለት ቦታ ላይ አዛውንቱን ከማረም ዐልፋ ኃይለ ቃል የተናገረች መስሎኝ ነበር።

መልስ 7

አዛውንቱ ተመልሰው ገቡ። የጉሎውን ነገር በግልጽ ተቀብለው ሰረዙት። ከፍቷቸው እንደነበር ግን ያስታውቃል። ቀጥለው የጻፉት ነው ለእኔ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው፦ የድሮ ልጅ ዕቃውን ብቻ አልተቀበለም፤ ዕቃው ከነማስጠንቀቂያው ነበር የሚሰጠው። ቅንጭብ እንዳይሰበር፣ ጉሎ እንዳይቀመስ፣ በእንዶድ የታጠበ እጅ ዓይን እንዳይነካ እያንዳንዷ እናት ትናገራለች፤ ልጁም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ዓመታት ያያታል። ዛሬ ዕቃው ብቻውን ትምህርት ቤት ሲገባ ማስጠንቀቂያው መንደር ቀርቷል። የጤና መኮንኗም ይህን ካነበበች በኋላ አባቴ ብላ ይቅርታ ጠይቃቸዋለች።

ከመልስ 8 እስከ 12

ክሩ እዚህ ላይ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ ስለ ፌስታል አነሣ፤ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይወፍረውን የማይበሰብስ ከረጢት ከልክሎ እንደነበር፣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ደግሞ በ2017 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ማስፈለጉን እያነሣ ሕግ ምን ይሠራል አለ። ሌላው ተቆጥቶ መለሰለት። ሦስተኛው በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ ቆሻሻው ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች እንደነበሩ አስታወሰ፤ የጣልነው ነገር የሚሄድበት ቦታ ላይ የሰው ቤት እንዳለ ልጆቻችን ማወቅ አለባቸው የሚለው ሐሳቡ ከርዕሳችን የራቀ አልነበረም። ዐሥራ አንደኛው ቆራሌውን አመስግኖ፣ በየሰፈሩ ብረትና ጠርሙስ የሚሰበስበው እሱ ከየትኛውም ክበብ በላይ እንደሚሠራ ጻፈ። ዐሥራ ሁለተኛው የፖለቲካ ነገር ስለነበር እተወዋለሁ።

መልስ 13

ይህ የእኔ ነው። ሁሉንም አመስግኜ፣ ወደ ልጆቹ እጅ እንድንመለስ ጠየቅኩ።

መልስ 14

ከእንጅባራ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት መምህር መለሰ፤ ከሥራ መልሶች ሁሉ የተሟላው የእሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አገው ምድር የደጋ ቀርከሃ አገር ነው። ኢትዮጵያ ሁለት የራሷ የቀርከሃ ዝርያዎች አሏት፤ የደጋው ውስጡ ክፍት ነው፣ የቆላው ድፍን ነው። መምህሩ የሁለቱንም ቁራጭ አምጥቶ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በጥፍራቸው እያንኳኩ በድምፁ እንዲለዩ ያደርጋል። ከዚያ ወደ ቀርከሃው ይወጣሉ። ሥራው መቁረጥ አይደለም፣ ዕድሜ መለየት ነው። ዘንድሮ የበቀለው አንጓው ላይ ገና ልባሱ አልረገፈም፤ ቆዳው አረንጓዴና ለስላሳ ነው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ቀለሙ ደብዝዟል፣ ሽበት ይታይበታል። ልጆቹ ለዘንድሮው ነጭ ክር፣ ለበሰለው ቀይ ክር ያስራሉ፤ የሚቆረጠው ቀይ የታሰረበት ብቻ ነው። ጨቅላውን መቁረጥ የመጪውን ዓመት ዘር መብላት መሆኑን ያኔ ሳይነገራቸው ይረዱታል።

ከተቆረጠው የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ይሠራሉ። ስንጥሩ እጅ እንዳይወጋ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ይፍቁታል፣ ቀለም አይቀቡትም። አንድ ልጅ ባለፈው ዓመት በስንጥር ተወግቶ ስለነበር፣ ዘንድሮ ያ ልጅ የጠርዝ ፈታሽ ሆኗል፤ የእያንዳንዱን ሰው ሥራ በጣቱ ዳብሶ ካላለፈው አይቀበልም። ቀርከሃ ሣር እንጂ ዛፍ አለመሆኑ ሲነገራቸው ለማመን እንደሚቸገሩም ጽፏል።

ከመልስ 15 እስከ 17

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት የሆነች እህት የስንዴ ዱቄት፣ ጨውና ጥቂት ዘይት ለውሳ ልጆቿ ቅርጽ እንደሚሠሩበት ጻፈች፤ ለማቅለም የምትጠቀመው እርድ ነው። ዐሥራ ስድስተኛው መልስ ቁጣ ነበር። እህል በእግር መርገጥ ነውር በሆነበት አገር፣ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡ ልጆች ባሉበት ክፍል፣ ሊጥ መጫወቻ አድርጎ መጣል ምን ያስተምራል ሲል ጠየቃት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ እሱ ያዘነብላል። የእኔ ክፍል ውስጥ ሊጡን ባየው ጊዜ ዓይኑ የሚቀር ልጅ ማን እንደሆነ በስም አውቃለሁ። ሆኖም አነጋገሩ ሰው የሚያሳፍር ነበር፤ ሐሳቡን ሳይለውጥ ቃሉን ሊያለዝብ ይችል ነበር።

መፍትሔውን ያመጣችው ዐሥራ ሰባተኛዋ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ከንጹሕ ወንዝ ዳር ወይም ከተቆፈረ ጉድጓድ የሚወጣ አፈር፣ ጠጠሩ በወንፊት ተነፍቶ ለሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ቢያድር ከሊጥ የተሻለ ይታዘዛል። አፈሩ ከጋራዥ፣ ከመኪና መንገድ ዳርና ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ እንዳይወሰድ፣ ደርቆ ሲፈርስም ብናኙ ስለሚጎዳ ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠረግ አስገነዘበች። ሳይተኮስ የደረቀው ሥራ ተሰባብሮ ውኃ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ የተተኮሰው ግን ገል ሆኖ ይቀራል። ይህን ልጆቹ ሁለት ጣሳ ውኃ ውስጥ ጎን ለጎን እንዲያዩት ማድረግ ብዙ ማብራሪያ እንደሚያስቀር ጻፈች። ሸክላ ሠሪዎች በአገራችን ስንት ዘመን እንደተናቁ አንሥታ፣ እናቷ የአንድ ትምህርት ቤት እንግዳ ሆነው ሲጋበዙ ማየት እንደምትፈልግ አከለች። እኔም በግል መልእክት ጋብዤአቸዋለሁ።

መልስ 18

አጭርና ስለት ነበር። በስምጥ ሸለቆ የአትክልት እርሻ አካባቢ የሚኖር ሰው፣ ልጆች ከመስኖ ዳር የለቀሙትን የፀረ ተባይ ዕቃ ቆርጠው የአበባ መትከያ ሲያደርጉ አይቶ ነበር፤ መምህራቸውም አጨብጭባላቸው ነበር። መልሶ መጠቀም የሚለው ትምህርት ዕቃው ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ካልጠየቀ ልጅ ይገድላል ብሎ አቆመ። በካሜሩን ከወዳደቀ ብረት ቀልጠው የተሠሩ የአልሙኒየም ድስቶች ውስጥ ወጥ መሰል አሲዳማ ነገር ሲበስል እርሳስ ወደ ምግቡ እንደሚወጣ በጥናት መታወቁን የላቦራቶሪ ባለሙያው ተመልሶ ገብቶ ጨመረበት፤ ብረት ቀላጩ የጣለበት የአሮጌ ሞተርና ራዲያተር ቁራጭ ድስቱ ላይ አይታይም።

መልስ 19

የጤና መኮንኗ በዚህ ጊዜ የመጣችው ሥራ ይዛ ነው። ነጭ የጥጥ እራፊ በእርድ ውኃ ነክሮ ማድረቅ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ለክፍሉ በሙሉ ይበቃል። ከዚያ በአንዱ ጫፍ የሳሙና ውኃ፣ በሌላው የአመድ ውኃ ጠብ ማድረግ፤ ቢጫው ወዲያው ቀይ ቡናማ ይሆናል። ሎሚ ሲንጠባጠብበት ቢጫው ይመለሳል። ዓይናችን አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያየው ንጹሕ ውኃና የአመድ ውኃ የተለያየ ጠባይ እንዳላቸው ልጁ ጨርቁ ላይ ያየዋል። በዓይን የማይታይ ነገር ዕቃ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ለማስተማር ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም። የአመድ ውኃው ዓይን እንዳይነካ የሚያንጠባጥበው መምህሩ ነው ብላለች።

መልስ 20

ይህ የመጨረሻው የእኔ ነው፤ የሆነውን ለመንገር ነው የጻፍኩት። የክበባችን ግድግዳ ላይ አሁን የካርቶን ሠንጠረዥ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ለሚያመጡት ዕቃ ሁሉ ከየት እንደመጣ፣ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር፣ ሲያልቅ የት እንደሚሄድ ይጽፉበታል። ሁለተኛውን የማያውቁት ዕቃ ክፍል አይገባም። ባለፈው ዓርብ አንዲት ልጅ ያማረ ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጥታ፣ የምን እንደነበር እናቷን ልትጠይቅ ከበሩ ተመልሳ ሄዳለች።

የእርዱን ጨርቅ ሠርተነዋል። አርባ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም፤ የጎረቤት ክፍል መምህርት ምን ተፈጠረ ብላ መጣች፣ እሷም ሎሚውን ራሷ ልታንጠባጥብ ለመነች። ሰሌዳውን ለማደስ ደግሞ የወላጅ ኮሚቴው ለሰሌዳ የተሠራ ቀለም ገዝቷል፤ ከመገዛቱ በፊት የእርሳስ መጠኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከሻጩ ጠይቀናል።

የባትሪ ድንጋዮቹን የሚረከበን ቦታ በአካባቢያችን ስላላገኘሁ፣ ያልተፈጩትን ክዳን ባለው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ በቁም ሣጥኔ ቆልፌባቸዋለሁ። ልጁ በየሳምንቱ እዚያ መኖራቸውን ይጠይቀኛል። ከግቢው ጥግ የቆፈርነውን ጉድጓድ ኃላፊም እሱ ነው፤ የኮባ ቅጠል፣ የጋዜጣ ወረቀት፣ የጋቢ ጥለት ቁራጭ፣ ስንደዶ፣ ፌስታልና የናይለን ገመድ እያንዳንዳቸውን በድንጋይ ምልክት አድርገን ቀብረናቸዋል። አፈሩ እንዳይደርቅ ሰኞና ሐሙስ አንድ አንድ ጆግ ውኃ ያጠጣዋል። የምንከፍተው ዓርብ የካቲት 6 ነው፤ ያገኘነውን እዚህ እጽፋለሁ።